ሌሊቱ በቀን ሲመጣ፦ የስሚዝ-ማጌኒስ ሲንድረምና የእንቅልፍ መዛባት

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ነው። ቤተሰቡ ሁሉ ተኝቷል፤ የአምስት ዓመቱ ልጅ ግን ከነቃ ግማሽ ሰዓት አልፎታል። ዓይኑ ጥርት ብሏል፣ የእንቅልፍ ርዝራዥ ፊቱ ላይ የለም። የልብስ መሳቢያዎቹን አንድ በአንድ ባዶ አድርጎ ልብሱን ወለሉ ላይ ከምሮታል፤ አሁን ደግሞ የእናቱን ትራስ እየጎተተ «ነጋ» ይላታል። ይኸው ልጅ በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ማንኪያውን እንደያዘና የጎረሰውን ገና ሳይውጥ፣ አንገቱ ዘንበል ይልና እንቅልፍ ይዞት ይሄዳል። ወላጆቹ ለጠየቃቸው ሁሉ «ሌሊቱን ቀን፣ ቀኑን ሌሊት አደረገብን» ብለው ይመልሳሉ። አነጋገሩ የድካም ምሬት ቢመስልም፣ ልጁ ስሚዝ-ማጌኒስ ሲንድረም ካለበት ግን በደምና በሽንት ምርመራ ሊረጋገጥ የሚችል ነገር ነው የተናገሩት። ደግሞም ከፊሉ ብቻ ነው እውነት፤ ቀሪውን ለመረዳት ችግሩን ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል።

ስሚዝ-ማጌኒስ ሲንድረም ከጽንስ ጀምሮ አብሮ የሚመጣ የዘረመል ችግር ሲሆን፣ ከ15,000 እስከ 25,000 ከሚደርሱ ሕፃናት በአንዱ ላይ እንደሚከሰት ይገመታል። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዓመታት ውስጥ ለይተው ከገለጹት ከአሜሪካውያኑ የዘረመል ባለሙያዎች ከአን ስሚዝና ከኤለን ማጌኒስ ነው። መነሻው በ17ኛው ክሮሞዞም አጭር ክንድ ላይ ነው። ችግሩ ካለባቸው ሰዎች መካከል ከአስሩ ዘጠኙ ገደማ ከዚህ ቦታ ብዙ ጂኖችን የያዘ ቁራጭ ይጎድላቸዋል፤ በቀሩት ላይ ቁራጩ በቦታው ቢኖርም በውስጡ ያለው ራይ1 የተባለ አንድ ጂን የተበላሸ ነው። ራይ1 ብቻውን ሲበላሽ አብዛኞቹ ምልክቶች የሚታዩ መሆናቸው እ.ኤ.አ. በ2003 ከታወቀ ወዲህ፣ የችግሩ ዋና ባለቤት ይህ ጂን እንደሆነ ይታመናል።

ቁራጩ እንዴት ይጎድላል ለሚለው ጥያቄ፣ ብራና የሚገለብጥ ጸሐፊን ማሰብ ይረዳል። በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ቦታ ተመሳሳይ ሐረግ ካለ፣ የጸሐፊው ዓይን ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ዘሎ በመካከል ያለውን ሁሉ ሊያስቀር ይችላል። በ17ኛው ክሮሞዞም ላይም ይህን ቁራጭ ከግራና ከቀኝ የሚያዋስኑት በጣም የሚመሳሰሉ ተደጋጋሚ ጽሑፎች ናቸው፤ የእናት እንቁላል ወይም የአባት የዘር ሕዋስ በሚሠራበት ጊዜ አንዱ ከሌላው ጋር ተሳስቶ ይጣመርና መካከሉ ይዘለላል። (በዚሁ ስሕተት በሌላው ወገን ቁራጩ ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ ከዚያ የሚፈጠረው ፖቶኪ-ሉፕስኪ ሲንድረም የተባለ ሌላ ችግር ነው።) ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ከቤተሰብ የተወረሰ ሳይሆን በዚያ ልጅ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈጠረ ነው። እናት በእርግዝና ወቅት የበላችው፣ የሠራችው ወይም የተበሳጨችበት ነገር አያመጣውም። ይህን ደጋግሞ መናገር ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ እናቶች ሐኪሙን ከመጠየቃቸው በፊት ራሳቸውን ወንጅለው ጨርሰዋል።

ከእንቅልፍ ሌላ የዕድገትና የንግግር መዘግየት፣ የጡንቻ መላላት፣ ሻካራ ድምፅ፣ ሕመም እንደሌላው ሰው አለመሰማት፣ በቁጣ ጊዜ ራስን መምታት ወይም መንከስ፣ ደስ ሲላቸው ደግሞ በሁለት እጅ ራስን አጥብቆ ማቀፍ ይታያል። ይህ የደስታ እቅፍ ለችግሩ በጣም የተለየ ከመሆኑ የተነሣ፣ የሚያውቅ ሐኪም ልጁን ገና በር ላይ እንዳየው ሊጠረጥር ይችላል።

አሁን ወደ እንቅልፉ እንምጣ። በማንኛውም ሰው ላይ እንቅልፍን የሚያመጡትና የሚያቆዩት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የእንቅልፍ ዕዳ ሊባል የሚችለው ነው፤ ነቅተን በቆየን መጠን ይከማቻል፣ ስንተኛም ይከፈላል። ሁለተኛው የሰውነት ሰዓት ነው። በአንጎላችን ሥር፣ የሁለቱ ዓይኖች ነርቮች ከሚተላለፉበት ቦታ በላይ፣ 20,000 ገደማ ሴሎች ያሉት ከሩዝ ቅንጣት የማይበልጥ የነርቭ ክምችት አለ፤ ያለማንም እርዳታ ከ24 ሰዓት ጥቂት በሚበልጥ ዑደት ይመታል። ትርፏን ጥቂት ደቂቃ በየቀኑ የሚያርምለት ከዓይን የሚደርሰው የብርሃን መልእክት ነው። ሲመሽ ይህ ሰዓት ፓይኒያል ለተባለችው ትንሽ ዕጢ ትእዛዝ ይልካል፤ የሚልክበት መንገድ ግን እንግዳ ነው፤ መልእክቱ ከአንጎል ወርዶ ሕብለ ሰረሰር ውስጥ ይገባና በአንገት በኩል እንደገና ወደ አንጎል ይመለሳል። መጨረሻው ላይ ኖርአድሬናሊን የተባለው ንጥረ ነገር በዕጢዋ ላይ ያሉትን ቤታ የተባሉ ተቀባዮች ይነካል፣ ዕጢዋም ሜላቶኒን የተባለውን ሆርሞን ወደ ደም ትለቃለች። ኖርአድሬናሊንና ቤታ ተቀባዮች ስለ ሕክምናው ስንነጋገር ስለሚመለሱ አንባቢ ባይረሳቸው መልካም ነው።

ሜላቶኒን ብዙ ሰው እንደሚያስበው እንቅልፍ የሚጥል መድኃኒት ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። ሥራው ለመላው ሰውነት «ጨልሟል» ብሎ ማወጅ ነው። በጤናማ ሰው ደም ውስጥ ከመኝታ ሰዓት ጥቂት ቀደም ብሎ መጨመር ይጀምራል፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት አካባቢ ጫፍ ይደርሳል፣ ሲነጋ ወርዶ ቀኑን ሙሉ የለም ሊባል እስኪችል ድረስ ያንሳል።

እ.ኤ.አ. በ2000 እና በ2001 በአሜሪካና በፈረንሳይ የነበሩ ተመራማሪዎች ስሚዝ-ማጌኒስ ሲንድረም ያለባቸውን ልጆች ሜላቶኒን ቀንና ሌሊት ተከታትለው ሲለኩ ያገኙት ግን የተገለበጠ ሥዕል ነው። በብዙዎቹ ልጆች ላይ ሆርሞኑ መጨመር የሚጀምረው ከንጋቱ 12 ሰዓት አካባቢ ነው፤ ጫፍ የሚደርሰው ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ፣ የሚያልቀው ደግሞ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ነው። ሰውነቱ «ጨልሟል» የሚለውን አዋጅ የሚሰማው ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ነው። በዓይነ ሕሊናችሁ ከምሳ በኋላ የሚጫጫነውን ድብታ አስቡና፣ በዚያ ላይ የእኩለ ሌሊቱን ሆርሞን ጨምሩበት፤ ማንኪያውን እንደያዘ የሚተኛው ልጅ ያለበት ሁኔታ ይህ ነው።

ታዲያ ሜላቶኒኑ ተገልብጦ ሳለ እነዚህ ልጆች ጭራሽ ቀን ተኝተው ሌሊቱን ነቅተው የማያድሩት ለምንድን ነው? መልሱ የመጀመሪያው ነገር፣ ማለትም የእንቅልፍ ዕዳው፣ በቦታው ስላለ ነው። ልጁ ቀኑን ሙሉ ከሜላቶኒኑ ጋር ሲታገል ውሎ ሲመሽ ዕዳው ከብዶበታል፤ የሆርሞኑም ጭራ ገና ከደሙ አልወጣም። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ቶሎ፣ እንዲያውም ከእኩዮቹ ቀድሞ ይተኛል። ለእንግዳ ሰው «ምን ችግር አለው? እኔ ልጄን ለማስተኛት ሁለት ሰዓት ይፈጅብኛል» የሚያሰኘውም ይኸው ነው። ነገር ግን ከጥቂት ሰዓታት በኋላ የዕዳው ክብደት ሲቀንስ፣ በዚያ ሰዓት እንቅልፉን ደግፎ ሊያቆይ የሚገባው ሜላቶኒን የለም። ልጁ ይነቃል፤ መልሶ ይተኛል፤ ደግሞ ይነቃል፤ ከሌሊቱ 9 ወይም 10 ሰዓት በኋላ እስከ መጨረሻው ይነሣል። በጠቅላላው ከእኩዮቹ ያነሰ እንቅልፍ ያገኛል፣ ያገኘውም የተቆራረጠ ነው። «ሌሊቱን ቀን አደረገብን» የሚለው አባባል ከፊሉ ብቻ እውነት ነው ያልኩት ለዚህ ነው፤ ሰዓቱ ተገልብጧል፣ ዕዳው ግን አልተገለበጠም፣ ልጁም በሁለቱ መካከል ይጎተታል።

የሜላቶኒን መገልበጥ ሁሉንም ነገር እንደማያብራራ መናገርም ያስፈልጋል። ሆርሞናቸው በትክክለኛው ሰዓት የሚመጣ ሆኖ እንቅልፋቸው ግን ያው የተቆራረጠ ልጆች ተገኝተዋል። ራይ1 የሰውነት ሰዓት ከሚመታባቸው ዋና ዋና ጂኖች አንዱ የሆነውን ክሎክ የተባለውን ጂን ሥራ እንደሚቆጣጠር እ.ኤ.አ. በ2012 ታይቷል። በመሆኑም ከዕጢዋ ይልቅ ዕጢዋን የሚያዝዘው ሰዓት ራሱ፣ ምናልባትም በየሴሉ ያሉት ትንንሽ ሰዓቶች ሁሉ፣ የላሉ ይመስላል። ሜላቶኒን በቀላሉ ስለሚለካ ስሙ ገነነ እንጂ፣ የሰዓቱ አንድ ጠቋሚ እጅ ነው።

ወላጆችን በመጀመሪያ የሚያታልላቸው የጨቅላነት ጊዜው ነው። ስሚዝ-ማጌኒስ ሲንድረም ያለባቸው ጨቅላዎች አብዛኛውን ጊዜ ጸጥተኛ፣ ብዙ የማያለቅሱና እንቅልፋም ናቸው፤ ለመጥባት እንኳ መቀስቀስ የሚያስፈልጋቸው አሉ። ዘመድ ወዳጅ «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው» ይላል። ጸጥታው ግን የጡንቻ መላላትና የድብታ ምልክት ነው፤ የሌሊቱ መቆራረጥም በብዙዎች ላይ ከአንደኛው የልደት ቀን በፊት መጀመሩ ቢመዘገብም፣ ነቅቶ ዝም ብሎ የሚጋደምን ጨቅላ ማን ያስተውለዋል? ችግሩ ጎልቶ የሚወጣው ልጁ መራመድ ሲጀምርና ሌሊት መነሣቱ ቤቱን ሁሉ መቀስቀስ ሲሆን ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳዝነው አለመግባባት የሚፈጠረው ቀን ላይ ነው። እንቅልፍ የተጫነው አዋቂ ሰው ይደበዝዛል፤ እንቅልፍ የተጫነው ሕፃን ግን ይነጫነጫል፣ ይሮጣል፣ ይጮኻል። እነዚህ ልጆች በረፋድና ከቀትር በኋላ የሚያሳዩት ቁጣ፣ እቃ መወርወርና ራስን መምታት ከፊሉ ከሲንድረሙ የመጣ ሲሆን፣ ከፊሉ ደግሞ ነቅቶ ለመቆየት የሚደረግ ትግል ነው። መምህሩ ባለጌ ልጅ ያያል፤ ጎረቤት ያልተቀጣ ልጅ ያያል። በእኔ እይታ ስለዚህ ችግር ከሚነገሩት ነገሮች ሁሉ ለልጁ ኑሮ ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው፣ ቅጣት እኩለ ሌሊት ላይ ተቀስቅሶ ፈተና እንዲቀመጥ ለተደረገ ሰው ምን እንደሚጠቅም አስቦ፣ ከባድ የሆነውን ትምህርት ልጁ ይበልጥ ወደሚነቃበት የጠዋት ሰዓት ማዛወር ነው።

ምርመራውን በተመለከተ ተራው የክሮሞዞም ምርመራ የጎደለውን ቁራጭ ሊስተው ስለሚችል፣ ማይክሮአሬይ የተባለው ይበልጥ ጥቃቅኑን የሚያይ ምርመራ ይመረጣል፤ በዚያ ካልተገኘና ምልክቶቹ ካሉ ራይ1 ጂን ለብቻው ይነበባል። የእንቅልፉ ምርመራ ግን በሰዓቱ ላይ ብቻ ማተኮር የለበትም። በእነዚህ ልጆች ላይ የመሀል ጆሮ ኢንፌክሽን፣ የሆድ ድርቀትና ከጨጓራ ወደ ላይ የሚመለስ አሲድ የተለመዱ ናቸው፤ ሕመም በደንብ የማይሰማው ልጅ ደግሞ «አመመኝ» አይልም፣ ይነቃል እንጂ። ልጁ የሚያንኮራፋና በእንቅልፉ መካከል ትንፋሹ የሚቋረጥ ከሆነ፣ በተለይም ዕድሜው ገፍቶ ክብደት ከጨመረ፣ የእንቅልፍ ትንፋሽ መቋረጥ መመርመር አለበት። ሰዓቱን ለማስተካከል ወራት ከደከሙ በኋላ የቀሰቀሰው ነገር ያበጠ ቶንሲል ሆኖ ማግኘት ያበሳጫል።

ወደ ሕክምናው ስንመጣ ኖርአድሬናሊንና ቤታ ተቀባዮች ይመለሳሉ። ለደም ግፊትና ለልብ የሚሰጡ ቤታ ብሎከር የተባሉ መድኃኒቶች እነዚህን ተቀባዮች ስለሚዘጉ ፓይኒያል ዕጢ ሜላቶኒን እንዳታወጣ ያደርጋሉ፤ ለልብ ሕመምተኛው የማይፈለግ ጎን የነበረው ለእነዚህ ልጆች መፍትሔ ሆነ። የፈረንሳይ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2001 ለዘጠኝ ልጆች አሴቡቶሎል የተባለውን ቤታ ብሎከር ጠዋት ጠዋት ሲሰጡ የቀኑ ሜላቶኒን ጠፋ፣ የቀን ባሕርያቸውም ተሻለ። ይሁንና የቀኑን ማጥፋት የሌሊቱን አያመጣም። ስለዚህ በ2003 ባወጡት ቀጣይ ሥራቸው፣ በጠዋቱ መድኃኒት ላይ ምሽት የሚወሰድና ቀስ እያለ የሚለቀቅ ሜላቶኒን ጨመሩበት፤ ልጆቹ ትንሽ ዘግይተው ተኙ፣ ዘግይተውም ተነሡ፣ የሌሊቱም መንቃት ቀነሰላቸው። አስተሳሰቡ ውብ ነው፤ በአንድ በኩል የተሳሳተውን አዋጅ ዝም ያሰኛል፣ በሌላ በኩል ትክክለኛውን በትክክለኛው ሰዓት ያውጃል። ነገር ግን የተሞከረው በጥቂት ልጆች ላይ ነው። ቤታ ብሎከር አስም ላለበት ልጅ አደገኛ ሊሆን ይችላል፣ የልብ ምትንም ያዘገያል፤ ከእነዚህ ልጆች አንዳንዶቹ የልብ አፈጣጠር ችግር ስላለባቸው ልብ ሳይታይ መጀመር የለበትም። የአያትን የግፊት ኪኒን ቆርሶ መስጠት ፈጽሞ የማይሞከር ነገር ነው።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ደግሞ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ታሲሜልቴዮን የተባለውን መድኃኒት ለዚህ ሲንድረም የሌሊት እንቅልፍ መዛባት ፈቀደ፤ ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 15 ለሆኑት በፈሳሽ መልክ፣ ለ16 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑት በካፕሱል። መድኃኒቱ የሜላቶኒንን ተቀባዮች የሚነካ ሲሆን፣ ቀደም ሲል በ2014 የተፈቀደው ሰውነታቸው ከ24 ሰዓት ዑደት ጋር መግጠም ለተሳነው ሰዎች ነበር፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ ብርሃን የማያዩ ዓይነ ስውራን ናቸው። የሌሊቱን እንቅልፍ ያሻሽላል እንጂ እንደ ሌላው ልጅ አያደርገውም። ተራ የማስተኛ መድኃኒቶች ግን እንቅልፉን በጉልበት ያመጣሉ እንጂ ሰዓቱን አያርሙም፤ በአንዳንድ ልጆች ላይም ይባስ ብለው ቀኑን ያደነዝዙባቸዋል ወይም ቅብጥብጥ ያደርጓቸዋል።

መድኃኒት ቢኖርም ባይኖርም ብርሃን ሰዓቱን የሚያርም ዋና ነገር ስለሆነ፣ ልጁ ከተነሣ በኋላ ደማቅ የቀን ብርሃን እንዲያገኝ፣ ሲመሽ ደግሞ መብራቱ እንዲደበዝዝና ስክሪን እንዲጠፋ ማድረግ ይረዳል። የቀን እንቅልፍን ጨርሶ መከልከል ከደሙ ጋር መዋጋት ነው፤ አጠር ያለና በየቀኑ ሰዓቱ የማይለወጥ ሸለብታ፣ ከቀትር ሳይዘገይ፣ ብዙውን ጊዜ ለሁሉም ይሻላል። ሌሊት ሲነቃ መብራት ማብራት፣ መጫወትና ማባበል መንቃቱን ይሸልመዋልና፣ ድምፅን ዝቅ አድርጎ በአጭሩ ወደ አልጋው መመለስ ይመከራል። ሰዓት ማንበብ ለማይችል ልጅ ቀለሙን የሚለውጥ መብራት ጥሩ ብልሃት ነው፤ ቀይ ሲሆን አልጋ ላይ ይቆያል፣ አረንጓዴ ሲሆን ይወጣል። ገና ሲጀመር አረንጓዴው ልጁ በልማዱ ከሚነሣበት አሥር ደቂቃ ብቻ ዘግይቶ ቢበራ ይሳካለታል፤ አንድ ሰዓት ቢዘገይ ግን ልጁ መብራቱን ማመን ያቆማል።

የደኅንነቱ ነገር ለነገ የሚባል አይደለም። ቤተሰቡ ተኝቶ ሳለ የነቃ፣ ሕመም በደንብ የማይሰማውና አደጋን የማይገምት ልጅ ምድጃ፣ መድኃኒት፣ ስለትና መስኮት ያገኛል። መሳቢያና መስኮት መቆለፍ፣ በሩ ሲከፈት የሚጮህ ማስጠንቀቂያ መግጠም፣ ክፍሉን ከሚሰበርና ከሚወድቅ ነገር ማጽዳት፣ ለአንዳንዶችም ዙሪያው በለስላሳ መረብ የተከለለ አልጋ መጠቀም የተለመዱ መንገዶች ናቸው። በሩን ከውጭ ቆልፎ መተው ግን እሳት ቢነሣ የሚሆነውን ማሰብ ይጠይቃል። ወላጆችም ሁለቱም በየሌሊቱ የተቆራረጠ እንቅልፍ ከሚያገኙ፣ ሌሊቶቹን በፈረቃ ተከፋፍለው እያንዳንዳቸው በተራቸው አንድ ሌሊት ሙሉ ቢተኙ ይበጃል፤ መዛባቱ ከዕድሜ ጋር መልኩን ይለውጣል እንጂ በአዋቂነትም ስለሚቀጥል፣ የሚያስፈልገው ለዓመታት የሚዘልቅ አደረጃጀት ነው።

ስለ ሌሎች ብርቅ የዘረመል ችግሮች የሚሰጥን ምክር ወደዚህ ማምጣትም አይመከርም። በኤንጀልማን ሲንድረም የልጁ የእንቅልፍ ፍላጎት ራሱ ያነሰ ይመስላል፤ በፕራደር-ዊሊ ሲንድረም ደግሞ ዋናው ጣጣ የቀን እንቅልፋምነትና የትንፋሽ መቋረጥ ነው። ሦስቱም ወላጆች «ልጄ አይተኛም» ወይም «ልጄ ቀን ይተኛል» ይላሉ፣ ከቃሉ በስተጀርባ ያለው ግን የተለያየ ነገር ነው።

ልዩነቱን ለሐኪሙ የሚያሳየው ብዙ ጊዜ አንድ ወረቀት ነው። በወረቀቱ ላይ እያንዳንዱ ቀን አንድ መስመር፣ እያንዳንዱ ሰዓት አንድ ሳጥን ይሆናል፤ ልጁ የተኛበት ሳጥን ይጠቆራል። ለሁለት ሳምንት ከተሞላ በኋላ የሌላ ልጅ ወረቀት በሌሊቱ በኩል ወጥ የሆነ ጥቁር ዓምድ ያሳያል። በዚህ ልጅ ወረቀት ላይ ግን ዓምዱ አመሻሹ ላይ ቀድሞ ይጀምራል፣ መሀሉ በነጫጭ ሳጥኖች የተበሳሳ ነው፣ ሊነጋ ሲል ተቆርጦ ይቀራል፤ ከዚያ በቀኑ እኩሌታ፣ ማንም ባልጠበቀበት ቦታ፣ በየመስመሩ አንድ ሁለት ጥቁር ሳጥኖች ተደርድረው ይታያሉ።